ጋሽ ባይሆንስ ካርቶኑ ላይ ተቀመጡ

ደስታ በር ሲያንኳኳ ቀድሞ ተነስቶ መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። እናንተም ጋ አለ። ሐኪም «ምንም የለብህም» ሲለው «የማንን ውጤት ነው ያዩት?» ይላል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ሁለት መንገድ እስኪያቋርጥ ጃንጥላውን አያጥፍም። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ክፉ ወሬ ሲመጣ እንዲያውም ከማናችንም ቀድሞ ያምናል። የሚከብደው ደግ ወሬ ነው።

የእኛው ክቡር ጋሽ ባይሆንስ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ይሄ አይደለም፤ ግን እንኳን እኛ የገዛ ባለቤታቸውም ቢሮ ሲደውሉ «ባይሆንስ ካለ አቅርቡልኝ» ነው የሚሉት። ማንም ሰው መልካም ነገር ተናግሮ ሳይጨርስ ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ይሰቅሉና በቀስታ፣ እንደ ማዘን ብለው፣ «ባይሆንስ?» ይላሉ። በቃ። ከዚያ በኋላ ያ መልካም ነገር እንደ በፊቱ አይሆንም።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሁላችንም ወደየኮምፒውተራችን እንሮጣለን። እሳቸው እጃቸውን አጣጥፈው ሃያ ደቂቃ ይጠብቃሉ፤ «ይርጋ እስኪ» ይላሉ፣ መብራቱ የሸሸ በሬ ይመስል። ድሮ በሠሩበት መሥሪያ ቤት የዕድገት ደብዳቤ ሲደርሳቸው «በስም የሚመሳሰለኝ ሰው ይኖራል፣ የሱ እንዳይሆን» ብለው መለሱት አሉ። መዝገብ ቤቱም እሳቸውን ሰምቶ ተጠራጠረና ሁለት ወር ሙሉ አጣራ።

ባለቤታቸው አንድ ቀን ቢሮ መጥተው ሲጠብቋቸው የነገሩኝ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ጋሼ ለጋብቻ ሲጠይቋቸው «እሺ» አሏቸው። ጋሼ አመስግነው ሄዱ። ሦስት ቀን ድምፃቸው ጠፋ። በአራተኛው ቀን መጥተው በር ላይ ቆሙና «ያን ዕለት እሺ ያልሽው ጥያቄው ገብቶሽ ነው?» አሉ። ሴትየዋ ይህን ሲያወሩ ከሳቁ ብዛት እንባቸው መጣ። ሁለተኛው እሺ ከመጀመሪያው ይልቅ ከልቤ ነበር አሉኝ።

የምንሠራው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከእግራችን ሥር የጥርስ ሐኪም አለ፤ መሰርሰሪያው በወለሉ አልፎ ይሰማናል። ማታ ስንወጣ በሩን የሚቆልፉት ጋሼ ናቸው። ይቆልፋሉ፣ ይገፉታል፣ አንድ ፎቅ ወርደን የጥርስ ሐኪሙ በር ጋ ስንደርስ ይቆማሉ። እኔ ቦርሳቸውን እቀበላለሁ፣ እሳቸው ተመልሰው ይወጣሉ።

የእኔ ጠረጴዛ ከሳቸው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ነው። እኔ በካውያ እርሳስ እያቀለጥኩ ጥቃቅን ዕቃ እየለጠፍኩ መሣሪያ የምገጣጥም ነኝ፤ ትምህርቴ ብዙ አይደለም። ፊት ለፊት ስለሆንን መሳቢያቸው ሲከፈት አያለሁ። መሳቢያ አይደለም፣ ራሱን የቻለ ሱቅ ነው። ሁለት መነጽር፣ ሁለት የቤት ቁልፍ፣ ትርፍ የጫማ ማሰሪያ፣ የትርፉም ትርፍ። ቁልፉ አንገታቸው ላይ በክር ይንጠለጠላል። አንዳንዴ ደግሞ የወዳደቀ ዕቃ ሰብስበው ያመጡና «እስኪ ይቺን ለጥፊያት የኔ ልጅ» ይሉኛል። እለጥፋለሁ፤ ምን ሊያደርጉት እንደሆነ አልጠይቅም።

አሁን ስለ ሥራው ልናገር፣ አለዚያ የመጣው ጭንቀት አይገባችሁም።

የምንሠራው ጆሮ ላይ የሚደረግ መስሚያ ነው፤ ጆሮው ለደከመ ሰው ድምፅ አጥርቶ የሚያቀብል። አሮጌው መስሚያችን አንድ በሽታ ነበረበት። ጠዋት በሙሉ ባትሪ የወጣ ሰው ምሳ ሰዓት ላይ ይጠፋበታል። ይህን ከወረቀት አንብቤ አይደለም የማውቀው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መኪና ሲንጫጫበት ኖሮ ጆሮው አለቀ። አሮጌውን መስሚያ ያደርጋል። እስከ ምሳ አባቴ ነው፤ ይቀልዳል፣ ጎረቤት ያማል። ከምሳ በኋላ ግን ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ምን እንዳልነው አያውቅም። እኔ ደግሞ ከሥራ የምገባው ሲመሽ ነው። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ እሑድ ጠዋትን ካልቆጠርኩ፣ ከአባቴ ጋር ካወራሁ አራት ዓመት ሆኖኛል።

ባትሪው ለምን እንደሚያልቅ ያስረዳኝ አለቃችን ነው። አለቃችን በዕድሜ ከሁላችንም ያንሳል፤ የመስሚያውን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ የነደፈው እሱ ነው። ድምፅ ማጣራት ማለት ቁጥር ማባዛትና መደመር ነው አለኝ፤ በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ። አሮጌው ፕሮሰሰር ለማባዛቱ አንድ ትእዛዝ፣ ለመደመሩ ሌላ ትእዛዝ፣ ለማስቀመጡ ሌላ ትእዛዝ ይፈልጋል። ባትሪውን የሚበላው ይሄ ምልልስ ነው። ስለዚህ አዲሱ ፕሮሰሰር ላይ አንዲት አዲስ ትእዛዝ ጨመረ፤ አባዝታ፣ ደምራ፣ አስቀምጣ ሁሉን በአንድ ምት የምትጨርስ። የሷ ዓይነት ሌላም ቦታ አለ ይላሉ፤ ይቺ ግን በእኛ ልክ የተሰፋች ናት። ሲወዳት ጊዜ ስም አወጣላት። «ሙሽራዋ» ይላታል።

ችግሩ ኮምፓይለሩ ነው። ኮምፓይለር ማለት እኔ እንደገባኝ አስተርጓሚ ነው። ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ወስዶ ፕሮሰሰሩ ወደሚያውቃቸው ትእዛዞች ይቀይራል። አስተርጓሚ ደግሞ የማያውቀውን ቃል አይናገርም። ሙሽራዋ ፕሮሰሰሩ ላይ ተኳኩላ ተቀምጣ፣ ኮምፓይለሩ ስለማያውቃት በድሮው መንገድ ሲያመላልስ ይውላል። ስለዚህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ኮምፓይለሩን ማስተማር አለበት። ማባዛትና መደመር ተከታትለው ስታይ ያን ሁሉ ተውና እሷን ጥራ ብሎ። ይህ ሥራ ከሰው ሁሉ ተመርጦ ለጋሽ ባይሆንስ ተሰጠ። ሰባት ወር አስተማሩት። ተማሪው አስተማሪውን መስሎ እንዳይወጣ እፈራ ነበር።

በመጨረሻ ቀን ተቆረጠ። ሃያ መስሚያ ሠርተን ሰኞ ጠዋት ለሃያ ሰው ለሙከራ እንሰጣለን። ሰዎቹ እስኪመሽ ከሰሙ ሥራው ይቀጥላል። ምሳ ሰዓት ላይ ከጠፋባቸው ግን የሚደግፉን ሰዎች እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ አለቃችን ይህን አልደበቀንም። ከሃያዎቹ አንዱ አባቴ ነው። ዝርዝሩ ላይ ቁጥር አንድ።

አንድ ነገር ልጨምር። መስሚያው በጣም ትንሽ ስለሆነ ፕሮግራሙ የሚጫንበት ቦታ አንዴ ብቻ ነው የሚጻፍበት። ከተጫነ አይፋቅም፤ እንደ ንቅሳት ነው። የምጭነው ደግሞ እኔ ነኝ። በዚህ የተነሳ ጋሼ ከሁለት ወር በፊት አለቃችንን «ሃያ አንድ እናድርገው» ብለውት ነበር። ለምን ሲላቸው «አንዱ ባይሆንስ?» አሉ። ዕቃው ልክ ለሃያ ነው የመጣው ብሎ ሳቀባቸው፤ ሳምንቱን ሙሉም ጠዋት ጠዋት «ሃያ አንደኛው እንዴት አደረ?» እያለ ሲያሾፍባቸው ነበር።

ረቡዕ ከምሳ በፊት፣ እየተፋቀ እንደገና በሚጻፍበት መሞከሪያ ሰሌዳ ላይ፣ ሙከራው ተሠራ። ሙከራው ሁለት ረድፍ ቁጥር አባዝቶ ደምሮ መልሱን መናገር ነው፤ ስንት ጊዜ እንደፈጀበትም ይለካል። ሙሽራዋ ከሠራች ከድሮው አራት እጥፍ ይፈጥናል ብለን ነበር የጠበቅነው። መልሱ ልክ ወጣ። ፍጥነቱ አርባ እጥፍ ሆነ።

አለቃችን ወንበር ላይ ወጣ። ከዚያ ወርዶ አቀፈኝ። ለደጋፊዎቻችን ስልክ ደውሎ «አርባ» አላቸው፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም። የታችኛው ኬክ ቤት ኬክ እንዲያመጣ ነገረ።

ጋሼን ሳያቸው ፊታቸው አመድ መስሏል። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ወጥቷል።

«የጠየቅነው አራት ነበር» አሉ።

«አርባ ተሰጠን፣ ጋሼ።»

«እኮ። ማነው የሰጠን?»

አለቃችን ዛሬን እንኳ እንዲደሰቱ ለመናቸው። ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር የሚሉት ለገንፎ ነው፣ ይሄ ሒሳብ ነው አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና መጫን ጀምሪ አለኝ።

ይህን ስጽፈው አሁንም እጄ ይከብደኛል። ጋሼ ፊት ለፊቴ አመድ መስለው እያየኋቸው ነው። ሰው እንዲያ ሲሆን ቆይ ይባላል። እኔ ግን አባቴን አሰብኩ። ዛሬ ማታ ይዤለት ብገባ ብዬ አሰብኩ። ቁጥር አንድን፣ የአባቴን፣ ሃያው ከተደረደሩበት ካርቶን አነሳሁ፣ መጫኛው ላይ አስቀመጥኩ፣ ተጫንኩ። አሥራ አንድ ሴኮንድ ነው የሚፈጀው። አረንጓዴው መብራት በራ።

ሁለተኛዋን ላነሳ ዞር ስል ጋሽ ባይሆንስ ካርቶኑ ላይ ተቀምጠዋል።

በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ኮታቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ዳኛ። ደግነቱ ካርቶኑ ጠንካራ ነው፣ እሳቸውም ቀጭን ናቸው።

«ጋሼ፣ ይነሱ እንጂ» አለ አለቃችን።

«አንድ ሰዓት ስጠኝ።»

«ካርቶኑ ላይ ሆነው?»

«እዚሁ ይመቸኛል።»

ኮምፓይለሩ ለሙከራው ያወጣውን የትእዛዝ ዝርዝር አትሜ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። ሦስት ገጽ ይሆናል ብለው ነበር። የወጣው ግማሽ ገጽ ነው። ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር እያኖሩ፣ አንድ በአንድ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡት። ሙሽራዋን ፈለጓት። አልነበረችም። ማባዛትም የለም፣ መደመርም የለም። መሃል ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ተቀምጧል፤ 4812። የሙከራው መልስ።

«መልሱን ጽፎታል» አሉ።

አለቃችን ወረቀቱን ተቀብሎ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

በኋላ እንዳስረዱኝ ነገሩ እንዲህ ነው። የሙከራው ቁጥሮች ፕሮግራሙ ውስጥ ተጽፈው ነበር። ኮምፓይለሩ ደግሞ ጎበዝ ነው፤ አስቀድሞ የሚታወቅ ሒሳብ ካገኘ ለፕሮሰሰሩ አያስቀርለትም፣ ራሱ አስልቶ መልሱን ብቻ ያስቀምጥለታል። ፕሮሰሰሩ መልሱን ከመዳፉ ላይ እንዳነበበ ተማሪ ነው፤ በአርባ እጥፍ ቢፈጥን ምን ይደንቃል? ሙሽራዋ በገዛ ሰርጓ ላይ አልተገኘችም። እኛ ኬክ ልንቆርስ ነበር።

«መጫን አልጀመርሽም አይደል?» አለኝ አለቃችን።

ጋሼ ካርቶኑ ላይ እንደተቀመጡ አዩኝ። ኬኩ በሩ ላይ ደርሷል። ቁጥር አንድ የጋውኔ ኪስ ውስጥ ናት።

«አልጀመርኩም» አልኩ።

ያን ዕለት ማታ ቤት ስገባ አባቴ ልብስ እያጠፈ ነበር። ፊቴን አይቶ ፈገግ አለ። መስማት ያልቻለ ሰው እንደሚያደርገው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሰኞ ነው አይደል?» አለኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩለት። ሁለታችንም ራሳችንን ስንነቀንቅ አመሸን።

ሐሙስ ሙከራው ተለወጠ። ቁጥሩ ከማይክሮፎን እንዲመጣ ተደረገ፤ ማይክሮፎኑ ምን እንደሚሰማ ኮምፓይለሩ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልማ። አሁን ሙሽራዋ መጣች። ዝርዝሩ ላይ መቶ ስድስት ቦታ ተገኘች፤ ጋሼ ሁለቴ ቆጠሯት። ፍጥነቱም አራት እጥፍ ሆነ፣ እንደተባለው። አለቃችን አሁንስ መደሰት ይፈቀዳል ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ከመሞከሪያ ሰሌዳው ጋር የተያያዘውን ማዳመጫ አቀበሉት።

ሰው ብቻውን ሲያወራ ደህና ነው። የጥርስ ሐኪሙ መሰርሰሪያ ከታች ሲጀምር ግን ንግግሩ ሁሉ እንደ ጠጠር ይንኮሻኮሻል። ጸጥታ ሲሆን ደህና፣ ጫጫታ ሲገባ ጠጠር። እኔም ተራዬ ደርሶ ሰማሁት። ኪሴ ውስጥ ያለችው እንዲህ ናት ማለት ነው። ሊፋቅ የማይችል ጠጠር።

ከዚያ እስከ ዓርብ ሰው ከሰው አልተያየም። አለቃችን ኮምፓይለሩን ይጠረጥራል፣ ጋሼ ፕሮሰሰሩን ይጠረጥራሉ፣ እኔ ማንም ሳይጠረጥረኝ እፈራለሁ። ዝርዝሩን ደጋግሜ አየሁት። አሥራ ዘጠኝ ሰው እና አባቴ። የሚቀር ሰው ካለ ማን መሆን እንዳለበት አውቅ ነበር። የማላውቀው በምን አፌ እንደምናገር ነው።

ዓርብ ከሰዓት አለቃችን ጭንቀቱን ሊረሳ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ የአሮጌ መስሚያ ብሎን መፍታት ጀመረ። እኔም እፈታለሁ፣ እሱም ይፈታል፤ ሁለታችንም የፈታነውን እዚያችው ትሪ ላይ እናስቀምጣለን። ስንጨርስ የሱ ብሎን የቱ፣ የኔ የቱ፣ ጠፋ። እኔም ቀስ ብዬ ሁለት ሥራ በአንድ ትሪ አይሆንም አልኩት።

ከፊት ለፊት መነጽር ወደ ላይ ወጣ።

«ምን አልሽ?»

ደነገጥኩ። ይቅርታ ጋሼ፣ ለሱ ነው አልኩ።

«ይቅርታውን ተይው። ድገሚው።»

ደገምኩት። ጋሼ ከወንበራቸው ተነስተው ትሪዬን አንስተው ወደ መስኮቱ ሄዱና ለረጅም ጊዜ አዩት። ትሪ ነው፤ ብሎን ነው ያለበት። ሲመለሱ ድምፃቸው ቀጥኗል። ጥፋቱ የኔ ነው አሉ።

ሙሽራዋ ድምሩን የምታስቀምጥባት አንዲት ትንሽ ቦታ ፕሮሰሰሩ ውስጥ አለች፤ ትሪዋ በሏት። ጋሼ ለኮምፓይለሩ ስለ ሙሽራዋ ሁሉን አስተምረው ስለ ትሪዋ ሳይነግሩት ቀሩ። ጫጫታ ሲኖር ደግሞ ጫጫታውን የሚቀንስ ሁለተኛ ሒሳብ ይጨመራል። ኮምፓይለሩ ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ እያለ ሁለቱን አቀላቅሎ ያስኬዳቸዋል። የሁለቱ ድምር በአንዲት ትሪ ተደባለቀ፤ ጠጠሩ እሱ ነው። ሰባት ወር ሁሉንም ሲጠረጥሩ የከረሙት ጋሼ የራሳቸውን ሥራ አንዴ ሳይጠረጥሩ አልፈውት ነበር።

ትሪዋ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሒሳብ ብቻ እንደሆነች ለኮምፓይለሩ መንገር ሁለት ሰዓት ፈጀ። ማረጋገጡ ቅዳሜን በላው። ጫጫታ እንዲገባ መስኮት ተከፈተ። ማንቆርቆሪያ ተጣደ። እኔና አለቃችን ባንድ ላይ እንድናወራ ታዘዝን፤ የምናወራው ቢጠፋን ዝርዝሩን እያነበብን ተንጫጫን። ባለቤታቸውም በስልክ ድምፅ ማጉያ ሃያ ደቂቃ ያለማቋረጥ እንዲናገሩ ተለመኑ። «በሠላሳ ዓመት ጋብቻ ለመጀመሪያ ጊዜ አድምጠኝ ሳልለው አደመጠኝ» ብለው ጨረሱ። ጠጠር የለም። ሙሽራዋ ዝርዝሩ ላይ አለች። ፍጥነቱ አራት፣ አርባ አይደለም።

ጋሼ ማዳመጫውን አወለቁ። ሁላችንም ያቺን ቃል ስንጠብቅ «ጫኚ» አሉኝ።

ጫንኩ። አሥራ አንድ ሴኮንድ፣ አረንጓዴ። አሥራ አንድ ሴኮንድ፣ አረንጓዴ። አሥራ ዘጠነኛዋን ስጨርስ ካርቶኑ ባዶ ሆነ። አለቃችን ስልክ ሊያናግር ወጥቶ ነበር። ቁጥር አንድን ከኪሴ አውጥቼ ጋሼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። እንደምንም ረቡዕ ዕለት ነው አልኩ። ዋሽቻለሁ አልኩ። የሚቀረው አባቴ ነው እንጂ ሌላ ሰው አይቀርም አልኩ።

ጋሼ መስሚያዋን አገላብጠው አዩ። አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ሳብ አድርገው መሳቢያውን ከፈቱ። ከሁለቱ መነጽር ሥር፣ ከጫማ ማሰሪያው ሥር፣ በመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ የተጠቀለለች ነገር አወጡ። ጨርቁን ፈቱት። መስሚያ ናት። ከወዳደቀ ዕቃ «እስኪ ለጥፊያት» ብለው ያሠሩኝ፤ የገዛ እጄን ሥራ መጀመሪያ አላወቅኳትም።

«ሃያ አንደኛዋ» አሉ። «ጫኚባት።»

ጫንኩ። አረንጓዴ። ከዚያ እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኳቸው።

«ካርቶኑ ላይ ከመቀመጤ በፊት ቆጠርኩ።»

ረቡዕ ማለት ነው። የበር ቁልፍ ጥርጣሬን እንኳ አንድ ፎቅ ያህል አፍነው መያዝ የማይችሉ ሰው ይቺን ረቡዕን፣ ሐሙስን፣ ዓርብን በሆዳቸው ይዘው ከረሙ። ለአለቃችን አልተናገሩም። እኔንም አልጠየቁኝም። ለምን አልኳቸው።

«ራስሽ ትናገሪያለሽ ብዬ።»

«ባልናገርስ?»

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

«እሱን አላሰብኩትም» አሉ።

ለአለቃችን ሲመለስ ራሴ ነገርኩት። ተቆጣ፤ ደግሞም መብቱ ነው። ከዚያ ሃያ አንደኛዋን አይቶ ጋሼን አየ፣ ኬክ የተረፈ እንደሆነ ጠየቀና ሁለት ቁራጭ አምጥቶ ፊታቸው አስቀመጠ። አንዱ ትርፍ ነው አላቸው።

ሰኞ ጠዋት መስሚያዋን አባቴ ጆሮ ላይ አድርጌለት ወደ ሥራ ሄድኩ። ቀኑ አላልቅ አለኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ሰዓቴን ደጋግሜ አየሁ። ከሰዓት ስልክ የሚደውል የለም፤ ስልክ አለመደወሉ ደግ ይሁን ክፉ አይታወቅም። ማታ ስንወጣ ጋሼ እንደ ልማዳቸው በሩን ቆለፉ፣ ተመልሰው አዩ፣ ከዚያ ወደ ቤታቸው አልዞሩም። ከኔ ጋር መጡ። መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እኔም እንዲናገሩ አልፈለግኩም።

በሩ ገርበብ ብሏል። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶን መስኮቱ ሥር ሱሪ ያሳጥራል። ጨልሟል፤ መብራት አብርቷል። አሮጌው ቢሆን ከጠፋ ሰባት ሰዓት ሆኖታል። ልጠራው አፌን ከፈትኩና አቃተኝ። አራት ዓመት ጠርቼው ያልሰማኝ ሁሉ ትዝ አለኝ። ቆምኩ። ጋሼም አጠገቤ ቆሙ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው፣ ለኔም በደንብ በማይሰማ ድምፅ፣ «ባይሆንስ?» አሉ።

አባቴ መርፌውን ሳያቆም፣ ሳይዞር፣ «ማነው ደጃፌ ላይ ቆሞ የሚያሟርት?» አለ። «ይግቡ እንጂ።»

ጋሼ ገቡ። ሻይ ጠጡ። አባቴ አራት ዓመት ያጠራቀመውን የጎረቤት ሐሜት አወረደላቸው፤ ጋሼ እያንዳንዱን «እርግጥ ነው?» እያሉ፣ አባቴም እየማለላቸው አመሹ። እንዲህ የሚግባቡ ሁለት ሰዎች አይቼ አላውቅም። ሸኝቻቸው ተመለስኩ።

ሃያ ደቂቃ አልሞላም፣ ስልኬ ጮኸ።

«ቤት ገብቻለሁ» አሉ ጋሼ። ከዚያ «የኔ ልጅ፣ መስኮቱ መስታወት ነው። ውጪው ጨልሞ ውስጡ መብራት ነበር። አባትሽ መስታወቱ ላይ አይተውን እንጂ ሰምተውን ባይሆንስ?»

ከኋላ ባለቤታቸው ስልኩን ተው ሲሏቸው ይሰማል። እኔ ሳቅኩ፤ ጋሼ ይተኙ እባክዎ አልኳቸው፣ ዘጋሁት።

ተነስቼ መጋረጃውን ሳብኩ። ወጥ ቤት ገባሁ፤ ከዚያ አባቴ አያየኝም። ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጠሁና፣ ጮክ ሳልል፣ ሰው አጠገቡ ያለ ሰውን እንደሚጠራ፣

«አባዬ» አልኩ።

«አቤት።»

የምለውን አላዘጋጀሁም ነበር።

«አቤት» አለ ደግሞ። «ምነው ልጄ፣ ጠርተሽ ዝም?»